ጨረቃን ወጋሻት የተባለችው ጃርት

ቁጭ በሉ! አርፋችሁ ቁጭ በሉ ብያለሁ። ኪሩቤል፣ እግርህን አታወዛውዝ፤ አግዳሚው ሲንቋቋ ተረቱ ይደነግጥና ይሄዳል። ትርሲት፣ አንቺ ደግሞ እስክሪብቶሽን ያዢ። እንደምናገረው ጻፊ እንጂ እንደ ትምህርት ቤት አታሳምሪብኝ፤ አክስትሽ እንዲህ ነው የምታወራው። ዛሬ ማንም ቢጠራኝ አልነሳም። ጎረቤታችን አልጋነሽ እንኳ ብትጠራኝ አልነሳም! ያቺ ሴትዮ እኔ ተረት የጀመርኩ ቀን ነው ጨው የሚያልቅባት።

እሺ። እኔ «ተረቴ ደጅ ቆሟል» ስላችሁ፣ እናንተ «ይግባ፣ ይረፍ» በሉኝ።

ተረቴ ደጅ ቆሟል!

አልሰማሁም። ተረቴ ደጅ ቆሟል!

እንዲህ ነው እንጂ። ገባ እንግዲህ።

ድሮ ድሮ፣ አውሬውም ዛፉም ዕቃውም አፍ አውጥቶ በሚያወራበት ዘመን፣ ከወንዙ ማዶ፣ ከቋጥኙ ሥር፣ አንዲት ጃርት ትኖር ነበር። እሜት ጃርት ይሏታል። ደግ ነበረች፤ ቤቷ የጸዳ፣ እጇ የሚያጣፍጥ። አንድ ችግር ብቻ ነበረባት። ደስ ሲላት እሾህዋ ይቆማል።

ሲቆጡ ነው የሚቆመው ትሉኝ ይሆናል። የሌላውን ጃርት አላውቅም፤ የእሷ ግን ደስ ሲላትም ይቆም ነበር። ካሽ ካሽ ካሽ! ይልና ጀርባዋ ላይ እንደ ሸንበቆ አጥር ቀጥ ይላል። አንድ ጊዜ እትዬ ጥንቸል ወልዳ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ልትላት ሄደች። ሕፃናቱን ስታይ፣ እነዚያን ጆሯቸው ገና ያልቆመ ሕፃናት ስታይ፣ ደስታው አላስችላት አለ። ካሽ ካሽ ካሽ! ሦስት ትራስ ቀደደች። የጥንቸልን ባል ደግሞ እንደ ልቡ መቀመጥ አስከለከለችው፤ የቱ ጋ እንደወጋችው አልነግራችሁም።

ከዚያ ወዲያ እሜት ጃርት ደስታዋን መዋጥ ተማረች። ጨዋታ ሲደምቅ፣ ሁሉም ሲስቅ፣ እሷ ከንፈሯን ነክሳ የሞተች አክስቷን ታስባለች። አክስቷን ስታስብ እሾህዋ ይተኛላታል። ምን ያስቃችኋል? የሞተችው የእሷ አክስት ናት፤ እኔ አለሁ።

እንስሳቱ ደግሞ ማኅበር ነበራቸው። ጨረቃ ሙሉ በሆነች ቁጥር ይሰበሰባሉ፣ ተራ በተራ ይደግሳሉ፣ እየበሉ እየጠጡ ጨረቃዋን ያያሉ። የማኅበሩ አለቃ፣ ሙሴ የሚሉት፣ አባ ጉሬዛ ነበር፤ ያ ረጅም ነጭ ጠጉሩን እንደ ካባ ትከሻው ላይ ጣል የሚያደርገው። የማኅበሩ ጽዋ ደግሞ አንዲት አሮጌ፣ አፈ ሰፊ ቅል ነበረች፤ እማማ ቅል። ተረኛው እማማ ቅልን ውሃ ሞልቶ ደጅ ያስቀምጣታል። ጨረቃ አናት ላይ ስትደርስ ውሃው ውስጥ ትታያለች፤ ያን ጊዜ ቅሉ ለሚቀጥለው ተረኛ ይተላለፋል። ጨረቃ ሳታያት እማማ ቅል ከዚያ ቤት ንቅንቅ አትልም። ሕጉ ነው። እሷ ደግሞ በሕግ ቀልድ አታውቅም።

እንግዲህ በዚህ ማኅበር ሁለት ሰዎች ተራ አይደርሳቸውም ነበር። አንዱ አያ ጅቦ ነው። «እሱ የደገሰ ቀን እንግዳው ሳይመጣ ድግሱ ያልቃል» ይላሉ። ሁለተኛዋ እሜት ጃርት ናት። ሰባት ዓመት ሙሉ በር አጠገብ፣ ከሰው አንድ ክንድ ርቃ ተቀመጠች እንጂ አንድ ቀን ደግሳ አታውቅም። ተራዋ ሲደርስ «ቆይ ክረምቱ ይውጣ» ይላሉ። ክረምቱ ሲወጣ «ቆይ እትዬ ጥንቸል ትውለድ» ይላሉ። ጥንቸል ስትወልድ «ቆይ ከአራስነት ትነሳ» ይላሉ። ጥንቸል ደግሞ መች ከአራስነት ትነሳለች!

አንድ ወር ላይ ታዲያ ጥንቸል ተረኛ ሆና ሳለ ቤቷ ጎርፍ ገባበት። አባ ጉሬዛ አገጩን አሻሸና «እንግዲህ የዚህ ወሩ ይለፈን» አለ።

«አያልፍም!» አለች እማማ ቅል። «ተራው የእሜት ጃርት ነው። ሰባት ዓመት ቆጥሬያለሁ።»

እማማ ቅል ከተናገረች ማን ይመልሳል? አባ ጉሬዛ እሜት ጃርትን ወደ ጎን ጠራትና ካባውን አስተካክሎ እንዲህ አላት፦ «ይኸውልሽ፣ አንድ ዕድል ነው። ካማረልሽ እንደ ሰው ተረኛ ትሆኛለሽ። ካበላሸሽው ግን በር አጠገብ ያለችውንም መቀመጫሽን እርሺያት።»

«እሺ አባ» አለች። አለችና አክስቷን አሰበች። በዚያ ቀን ብቻ አክስቷን አሥር ጊዜ አስባታለች።

ሦስት ቀን ጠረገች፣ ሦስት ቀን ለቀለቀች፣ ሦስት ቀን ለቀመች። ለአባ ጉሬዛ ለጋ ቅጠል፣ ለእትዬ ጥንቸል ጎመን፣ ለሁሉም የሚሆን ደግሞ ሦስት ትልልቅ ዱባ ረመጥ ውስጥ ቀብራ አበሰለች። ጃርት አጥንት መቆርጠም እንደምትወድ ታውቃላችሁ? ትወዳለች። ለራሷ ስንት ዓመት ያጠራቀመቻቸውን አጥንቶች አወጣችና ለአያ ጅቦ ቅጠል ላይ ደረደረችለት። ከዚያ ደጁ ላይ መቀመጫ ስታሰናዳ፣ ከራሷ መቀመጫ እስከ ሌላው አንድ ክንድ፣ አንድ ክንድ፣ አንድ ክንድ እያለች ለካች። ማንም እንዳይወጋባት ብላ ነው፤ እኔን!

ቀኑ ደረሰ። ፀሐይ ሳትጠልቅ አያ ጅቦ ከች አለ። ድግስ ላይ ዘግይቶ አያውቅም።

«ቤቶች! ምንድነው የሚሸተው? አጥንት ነው የሚሸተው። ለማን ነው?»

«ላንተ ነው አያ ጅቦ።»

«ለኔ? ለኔ ብለሽ?» አለ፤ ጆሮው ወደ ኋላ ሄደ። «ሰው ከኔ አጥንት ሲደብቅ አይቻለሁ። ለኔ ሲያስቀምጥ ግን ዛሬ ማየቴ ነው።»

ቀጥሎ እትዬ ጥንቸል ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ መጣች። ቀጥሎ አባ ጉሬዛ እማማ ቅልን ታቅፎ መጣ። ጨረቃም ከተራራው ጀርባ ወጣች፤ ክብ፣ ሙሉ፣ እንደ ወተት የነጣች። እሜት ጃርት እማማ ቅልን በንጹሕ ውሃ ሞላቻትና ደጁ መካከል አስቀመጠቻት።

አባ ጉሬዛ ተቀመጠ። ግራ ቀኙን አየ። ረመጡን አየ፣ የተጠረገውን ደጅ አየ፣ በክንድ የተለካውን መቀመጫ አየ።

«እሜት ጃርት፣ እውነቱን ልንገርሽ?» አለ። «ቤትሽ ያምራል።»

ወይ ጉድ! ሰባት ዓመት የተዋጠ ደስታ በአንድ ጊዜ መጣ። እሜት ጃርት አክስቷን አሰበች፤ አልሆነም። ሌላዋን አክስቷን አሰበች፤ አልሆነም። አያቷን ጨመረች፤ አልሆነም። ካሽ ካሽ ካሽ! እሾህዋ አንድ ሳይቀር ወደ ሰማይ ቆመ።

ይሄኔ ነው ጥንቸል ቀና ብላ የጮኸችው።

«ኧረ ጨረቃ! ኧረ ጨረቃ ተነደለች!»

ሁሉም ቀና አሉ። እውነትም አንድ ነገር የገመጣት ይመስል የጨረቃ ጠርዝ ጠቁሯል። ከጥቁሩ ሥር ደግሞ፣ ልክ አነጣጥሮ እንደተተከለ ሁሉ፣ የእሜት ጃርት ረጅሙ እሾህ ቀጥ ብሎ ቆሟል።

«ወጋሻት!» አለች ጥንቸል። «ትራሴን እንደቀደድሽ ጨረቃን ቀደድሻት!»

እሜት ጃርት እሾህዋን አየች፤ ጨረቃን አየች። «እኔ ነኝ» አለች በሆዷ። «አንድ ቀን ደስ ቢለኝ፣ አንድ ቀን ብቻ፣ የሁሉንም ጨረቃ በሳሁ።»

አያ ጅቦ ብቻ ከመቀመጫው አልተነሳም። አጥንቱን እየቆረጠመ «ቁጭ በሉ» አለ። «ሦስት ዱባ ነው።»

«ምን አልክ?»

«ሦስት ዱባ ነው። አንደኛውን እስክንበላ ትጠፋለች። ሁለተኛውን እስክንበላ ቀልታ ትቆያለች። ሦስተኛው ላይ ትመለሳለች። ዱባው ይምጣ።»

«አንተ ሆዳም!» አለች ጥንቸል። «ጨረቃ እየሞተች አንተ ዱባ ዱባ ትላለህ?»

በመጀመሪያ ጮኹ። አባ ጉሬዛ ዛፍ ላይ ወጥቶ «እግዚኦ!» አለ፤ ጥንቸል ከታች «እግዚኦ!» አለች። አባ ጉሬዛ ከላይ፣ ጥንቸል ከታች፣ ድምፃቸው እስኪዘጋ ጮኹ። ጥቁሩ ግን ሰፋ።

«ሦስት ዱባ ነው» አለ አያ ጅቦ።

ቀጥለው እሜት ጃርትን «ይቅርታ ጠይቂያት!» ብለው ገፋፏት። ቋጥኙ ላይ ወጣች። እሾህዋን ጭምቅ አድርጋ ይዛ፣ አንገቷን ደፍታ፣ «እሜቴ ጨረቃ፣ ሳላውቅ ነው» አለች። «ደስ ብሎኝ ነው። ሁለተኛ ደስ አይለኝም።»

ይሄን ስትል እማማ ቅል እንኳ ውሃዋ ተንቀጠቀጠ። የቀረችው ጭላጭ ብርሃን ግን ጥፍት አለች።

«ሦስት ዱባ ነው እያልኳችሁ» አለ አያ ጅቦ። አፉ ሙሉ ስለነበር ማንም በቅጡ አልሰማውም።

ከዚያ የባሰው መጣ። የጠፋችው ጨረቃ ቀላች! እሳት ውስጥ እንደቆየ ማረሻ፣ ከዳር እስከ ዳር ፍም መሰለች።

«ደሟ ነው! ደሟ ፈሰሰ!» ብላ ጥንቸል ጆሮዋን በሁለት እጇ ያዘች።

አባ ጉሬዛ ከዛፉ ወረደ፤ ካባውን ሰበሰበ። «እሜት ጃርት፣ ተናግሬ ነበር። ከዛሬ ጀምሮ ከማኅበራችን ወጥተሻል። እማማ ቅል፣ ይምጡ እንሂድ።»

«አልሄድም» አለች እማማ ቅል። «ጨረቃ አላየችኝም።»

«ጨረቃ እኮ ሞታለች!»

«እንግዲያው ስትነሳ ትየኛለች። ሳታየኝ ወጥቼ አላውቅም፤ ለአንተ ፍርሃት ብዬ አሁን አልጀምርም።»

አባ ጉሬዛ ሊያነሳት እጁን ሲዘረጋ ዘንበል አለችና ግማሽ ውሃዋን ፊቱ ላይ ቸለስ አደረገችበት። ጥንቸል ቀድማ ሮጠች። አባ ጉሬዛም ውሃው ከአገጩ እየተንጠባጠበ ተከተላት።

ደጁ ጭር አለ። በክንድ የተለኩት መቀመጫዎች ባዷቸውን ቀሩ። ለጋው ቅጠል አልተነካ፣ ጎመኑ አልተነካ።

እሜት ጃርት መሬቱ ላይ ቁጭ አለች። አላለቀሰችም። እጇን ወደ ጀርባዋ ሰደደችና አንድ እሾህ ነቀለች። እፍ! እንዴት ያማል። ሁለተኛውን ነቀለች። ሦስተኛውን ስትይዝ አንድ ትልቅ ጠጉራም እግር መጥቶ እጇን ጫን አለው።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አለ አያ ጅቦ።

«እየነቀልኩ።»

«ስንቱን?»

«ሁሉንም።»

«ስንት ነው ሁሉም?»

«እኔ እንጃ፤ ብዙ ነው።»

«እንግዲያው በዓመትም አትጨርሺውም። ተይው፣ ዱባ ብዪ። ካልበላሽ ጊዜው አይሄድም።»

እሜት ጃርት ቀና ብላ አየችው። «አንተ ለምን አልሄድክም?»

አያ ጅቦ አሰበ። መዋሸት አይሆንለትም፤ ሲዋሽ ሆዱ ይጮህበታል። «እውነቱን ንገረኝ ካልሽኝ፣ መጀመሪያ የቀረሁት ለምግቡ ነው። አጥንት ተጥሎ ይኬዳል እንዴ? አሁን ግን አጥንቱ አልቋል። አንደኛውንም ዱባ እናንተ ስትጮኹ በልቼዋለሁ። ይኸው አሁንም አልሄድኩም። እንግዲህ ሌላ ምክንያት ቢኖረኝ ነው።»

ብሎ አጠገቧ ዘፍ አለ። አለና «ወይኔ!» ብሎ ተነሳ፤ ጎኑን ወጋችው።

«ይኸው!» አለች። «አየህ አይደል? እኔ አጠገብ የሚቀመጥ ሁሉ...»

«ቆይ፣ ቆይ።» አያ ጅቦ የፊት እግሩን ዘርግቶ ለካ። ትንሽ ፈቀቅ አለ፤ ደግሞ ለካ። «እዚህ ጋ። እዚህ ይበቃኛል። ድምፅሽ ይሰማኛል፣ እሾህሽ አይደርሰኝም።»

ሁለተኛውን ዱባ ከረመጡ አወጣና ከሁለት ገምሶ ግማሹን ወደሷ ገፋላት። እሷ እንዳፈረች ቆረስ አደረገች። ላያቸው ላይ ጨረቃ እንደቀላች ናት።

«ጨረቃን ወግቻታለሁ፣ አያ ጅቦ።»

«አልወጋሻትም። ይሄን ነገር ሦስት ጊዜ አይቻለሁ። እነሱ ማኅበሩ ሲያልቅ ቤታቸው ገብተው ይተኛሉ፤ አንቺም ማታ ስትወጪ አንገትሽን ደፍተሽ ሥራሥር ነው የምትፈልጊው። እኔ ነኝ ሌሊቱን ሙሉ መንገድ ላይ። መጀመሪያ ያየሁት ሕፃን ሳለሁ ነው። ጨረቃ ሞተች ብዬ እሪ ስል እናቴ በጥፊ አለችኝና 'አንተ ቂል፣ ጥላችን እኮ ነው' አለችኝ። 'ይቺ የተቀመጥንባት ምድር ጀርባዋን ለፀሐይ ስትሰጥ ጥላዋ ሰማይ ላይ ይወድቃል። ጨረቃ በጥላው ውስጥ እያለፈች ነው፤ ታልፋለች፣ ትወጣለች።'»

ትርሲት፣ ራስሽን ነቀነቅሽ አይደል? ትምህርት ቤትም እንዲሁ ነው ያሉሽ። የጅብ እናት ግን ቀድማ ተናግራለች፣ እሱን ጻፊ።

«ሁለተኛውን ያየሁት ቆላ ወርጄ፣ ብቻዬን ሆኜ ነው» አለ አያ ጅቦ። «ሦስት ዱባ አግኝቼ ነበር...»

«ከየት አግኝተህ?»

«አግኝቼ ነበር አልኩሽ። ስበላ አያታለሁ፣ ሳያት እበላለሁ። ልኩን ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው፤ ሦስት ዱባ። ሦስተኛው ጊዜ ደግሞ መንደር አጠገብ ነበርኩ። ሰዎቹ ወጡ፣ ቀና አሉ፣ 'ጅብ በላት!' ብለው በድንጋይ አባረሩኝ። እኔ ጨረቃ እበላለሁ? በምን ወጥቼ? ብወጣስ፣ አጥንት የላት!»

እሜት ጃርት ሳቋ መጣባት። ቶሎ አክስቷን ጠራች። «ታዲያ ዛሬ ለምን አልነገርካቸውም?»

«ነገርኳቸው እኮ! ጅብ 'ቁጭ ብላችሁ ብሉ' ሲል ማን ያምነዋል?»

እውነቱን ነው። እሷም አላመነችውም። «እኔም ሆዳም ብቻ ነው ብዬ ነበር» አለች ቀስ ብላ።

«ሆዳምማ ነኝ» አለ። «ሆዳም ብቻ ግን አይደለሁም።»

ከዚያ ሁለቱም በጀርባቸው... አይ፣ እሜት ጃርትስ በጀርባዋ አትጋደምም፤ አያ ጅቦ በጀርባው ተጋደመ፣ እሷ ቋጥኙን ተደግፋ ቀና አለች። የጨረቃዋ ብርሃን ስለደከመ፣ ሌላ ጊዜ የማይታዩት ኮከቦች ሁሉ ወጥተዋል። እልፍ ናቸው። ሰማዩ ከዳር እስከ ዳር ሹል ሹል ብሎ ያበራል።

«አያ ጅቦ።»

«እ?»

«ሰማዩም እንደኔ እሾህ አለው እንዴ?»

አያ ጅቦ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ አስተዋለ። «አለው እንጂ። ይኸው ቆሞ አየዋለሁ። ደስ ብሎት ይሆናል።»

ይሄኔ አክስትም አያትም አላዳኗት። እሜት ጃርት ሳቀች። ካሽ ካሽ ካሽ! እሾህዋ ሁሉ ተነሳ። ደነገጠችና አፏን ያዘች፤ «ተወጋህ? ተወጋህ?» አለች።

አያ ጅቦ ከቦታው አልተንቀሳቀሰም። «ሳቂ እባክሽ» አለ። «ለክቻለሁ አልኩሽ እኮ።»

ሳቀች። ሰባት ዓመት ያልሳቀችውን ሳቀች። ረመጡ ዳር የተኛው አመድ እስኪነሳ፣ እማማ ቅል «ኧረ ውሃዬ ፈሰሰ!» እስክትል ሳቀች።

ሁለተኛው ዱባ አለቀ። አያ ጅቦ ሦስተኛውን አወጣ። አሸተተው። አገላበጠው። መልሶ ረመጡ ውስጥ አስቀመጠው።

«ምነው?» አለች እሜት ጃርት።

«ለእነሱ ይቆይ። ሲመለሱ ይርባቸዋል፤ ሲጮኹ ነው ያመሹት።»

«ኧረ ጉድ ነው!» አለች እማማ ቅል። «ጅብ ዱባ አስተረፈ! እኔ እስከዛሬ በጨረቃዋ ነበር የምገረመው።»

እሷ ይሄን ስትል የጨረቃ ዳር ላይ እንደ ነጭ ክር ያለች ቀጭን ብርሃን ታየች። ክሯ ወፈረች። መቀነት አከለች። ከጫካው ውስጥ ኮሽ ኮሽ የሚል ተሰማ፤ መጀመሪያ ሁለት ረጃጅም ጆሮ፣ ቀጥሎ አንድ የረጠበ ካባ ብቅ አለ።

«እኔ እኮ የሄድኩት ልጆቹን ላይ ብዬ ነው» አለች ጥንቸል።

«እኔ ደግሞ ፊቴን ላደርቅ ነው» አለ አባ ጉሬዛ።

አያ ጅቦ «ሦስት ዱባ ነው ብያችሁ ነበር» አለ።

እሜት ጃርት ዱባውን አወጣች። እንፋሎቱ ተነነ። አልቆረሰችውም፤ ጭኗ ላይ አድርጋ ያዘችው። አክስቷን አላሰበችም፤ እሾህዋ እንደቆመ ነው። «አባ ጉሬዛ፣ ከማኅበሩ ወጥተሻል ብለውኛል» አለች። «ዱባው ትኩስ ነው። ቃሉ ግን ከዱባው ይቅደም።»

አባ ጉሬዛ ካባውን ሊያስተካክል እጁን ሰደደ፤ እርጥብ ሆነበት፣ ተወው። አንገቱን ደፋ። «ቃሌን አንስቻለሁ። ጨረቃም ይኸው አያ ጅቦ እንዳለው እየተመለሰች ነው፤ የወጋሻት አንቺ አይደለሽም፤ አንቺን የወጋንሽ ግን እኛ ነን። ይቅር በዪን።»

«ትራሱንም ይቅር ብዬሻለሁ» አለች ጥንቸል።

«እንግዲያው ተቀመጡ» አለች እሜት ጃርት። «ክንዳችሁን ለክታችሁ።»

በሉ። ሦስተኛው ዱባ ሲያልቅ ጨረቃ ሙሉ ሆነች። እሜት ጃርት እማማ ቅልን እንደገና ሞላቻት። ጨረቃ አናት ላይ ደረሰች፣ ውሃው ላይ ወረደች፣ ክብ ብላ ተቀመጠች።

«አየችኝ!» አለች እማማ ቅል።

አባ ጉሬዛ ለሚቀጥለው ተረኛ ሊያሻግራት እጁን ዘረጋ። እሜት ጃርት ግን ቀደመችው። ቅሉን በሁለት እጇ አንስታ፣ ውሃው ሳይፈስ፣ ጨረቃዋ ሳትበተን፣ አያ ጅቦ ፊት አስቀመጠችው።

«ለኔ?» አለ አያ ጅቦ። «ልደግስ? እንግዳው ሳይመጣ ብበላውስ?»

«ዛሬ አንድ ሙሉ ዱባ ስታስተርፍ አይቻለሁ» አለች እሜት ጃርት። «እኔም እማማ ቅልም ምስክር ነን።»

ያ ጅብ፣ ድንጋይ ሲወረወርበት እንባ ወጥቶት የማያውቀው ጅብ፣ ቅሉን ታቅፎ አለቀሰ። እማማ ቅል «በዝቷል፣ ጨው ገባብኝ» ስትል ነው ያቆመው።

በወሩ ደገሰ። እንግዳው እስኪመጣ ሦስት ጊዜ ከድስቱ አጠገብ ተነስቶ ወንዝ ዳር ሄዶ ተቀመጠ፤ እንዳይነካው ብሎ ነው። የእሜት ጃርትን መቀመጫም በር አጠገብ አላደረገውም። መሀል ላይ አደረገው። የሌላውን ሁሉ መቀመጫ ከሷ አንድ ክንድ፣ አንድ ክንድ፣ አንድ ክንድ እያለ ለካ። በዚያ ምሽት ጨረቃ ወጥታ ወደታች ስታይ፣ ከወንዙ ማዶ አንዲት ጃርት እሾህዋን በሙሉ አቁማ ስትስቅ አየች፤ አንድም የሸሸ አልነበረም።

እና ልጆቼ፣ የተረቱ ፍሬ እዚህ ላይ ነው። ትርሲት፣ ይሄን አጥርተሽ ጻፊ። ሰው ሲጨልምበት «ምን አጥፍቶ ነው» የሚል ሞልቷል፤ ልኩን አውቆ፣ ክንዱን ለክቶ አጠገቡ የሚቀመጥ ግን...

«ብርቄ! ኧረ ብርቄ! የኔ ቤት መብራት ብቻውን ድርግም አለ! ምንም አይታየኝም፣ ብቻዬን ነኝ!»

ሰማችሁ? አልጋነሽ ናት። ይኸው፣ አላልኳችሁም? አልነሳም ብዬ ነበር እኮ። አልጋነሽ! ካለሽበት አትንቀሳቀሺ፣ መጣሁ! ኪሩቤል፣ ያንን ሻማ አቀብለኝ፤ ክብሪቱንም። ነጠላዬስ? ተዉት። ትርሲት፣ የት ደርሰን ነበር? ክንዱን ለክቶ አጠገቡ የሚቀመጥ ግን፣ ብለሽ ቀጥዪ፣ እሱ ማለት...